ከማስቲካ እስከ ቁሌት፦ ሆድ የሚያውከው የትኛው የምግብ ጭማሪ ነው?

በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር «ቀይ ቁጥር 3» የተባለውን የምግብ ማቅለሚያ አገደ። ሦስት ወር ቆይቶ የጤና ሚኒስትሩ ሮበርት ኬኔዲ ጁኒየር ከነዳጅ ተዋጽኦ የሚሠሩ ሌሎች ቀለሞችም ከምግብ እንዲወጡ እንደሚፈልጉ አስታወቁ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች፣ የአንድ አዋጅ ቁጥር ሲቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ወሬው በአማርኛም ቶሎ ነው የደረሰው። «እነዚህን ቁጥሮች ካያችሁ እንዳትገዙ» የሚል ዝርዝር በቴሌግራም ሲዞር ማየት ዛሬ ብርቅ አይደለም።

የዝርዝሮቹ ችግር ሁሉንም በአንድ ሙቀጫ መውቀጣቸው ነው። የካንሰር ስጋት፣ የልጆች መቅበጥበጥ፣ የጾምና የሐላል ጉዳይ፣ የሆድ መታወክ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይገባል። ለምሳሌ ኢ120 ከነፍሳት የሚወጣ ቀይ ቀለም ነው። ጿሚ ሊሸሸው ይችላል። ሆድ ከመንፋት ጋር ግን የሚያገናኘው ነገር የለም።

ሆዱ ቶሎ ለሚታወክ ሰው ጥያቄው ሌላ ነው። የበላው ነገር ትንሹ አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ያልቃል? ወይስ እንዳለ ትልቁ አንጀት ይደርሳል? ከደረሰስ ስንት ግራም? በዚህ ሚዛን ሲታይ ዝርዝሩ ይገለበጣል። በጣም የሚፈሩት አንዳንዶቹ ነጻ ይወጣሉ። «ለጤና ተስማሚ» ተብለው የሚሸጡት ደግሞ ተጠርጣሪ ይሆናሉ።

ጭማሪ እና ባዕድ ነገር

እኛ ዘንድ «ምግብ ውስጥ የሚጨምሩት ነገር» ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው በርበሬ ውስጥ የገባ የሸክላ ዱቄት፣ ቅቤ ውስጥ የተቀላቀለ ሙዝ፣ ማር ላይ የተደፋ ስኳር ነው። ይህ ባዕድ ነገር መቀላቀል ነው። ማጭበርበር ነው፤ በሕግም ያስጠይቃል።

የምግብ ጭማሪ ግን ሌላ ነው። ፋብሪካው በፈቃድና በመጠን የሚያስገባው፣ ማሸጊያው ላይም የሚጽፈው ንጥረ ነገር ነው። እንዳይበላሽ የሚያደርግ ማቆያ አለ። ማቅለሚያ አለ። ማጣፈጫና ማወፈሪያ አለ። ዘይትና ውሃን አዋህዶ የሚያቆይም አለ፤ እሱ ኢመልሲፋየር ይባላል።

«ኢ» የምትለው ፊደል አውሮፓን ነው የምታመለክተው። ቁጥሩ መታወቂያ ነው እንጂ የአደጋ ምልክት አይደለም። ሎሚ ውስጥ ያለው ሲትሪክ አሲድ ኢ330 ነው። ቫይታሚን ሲ ኢ300 ነው። ቁጥሩ ዓረብኛ ወይም ዕብራይስጥ በደንብ ለማያነብ ሰው አንድ ጥቅም አለው፦ ኢ420 ዱባይም ሄደ ቴል አቪቭ ያው ኢ420 ነው። አሜሪካ ግን ቁጥር ሳይሆን ስሙን ነው የሚጽፉት። ስለዚህ ከዚህ በታች ሁለቱንም አንድ ላይ አስቀምጣለሁ።

ጨጓራ ነው አንጀት?

አዲስ አበባ ውስጥ ከእምብርቱ በላይም ይመመው በታች፣ ብዙ ሰው «ጨጓራዬ ነው» ይላል። የጨጓራ ባክቴሪያ አገራችን ውስጥ በብዛት ስለሚገኝ ግምቱ አንዳንዴ ልክ ይሆናል። ግን ሆዱ ከምሳ በኋላ እንደ ከበሮ የሚወጠር፣ ቁርጠቱ ሲጸዳዳ የሚቀልለው፣ አንድ ሳምንት ተቅማጥ ሌላ ሳምንት ድርቀት የሚፈራረቅበት ሰው ችግሩ ያለው ብዙውን ጊዜ ወደ ታች ነው። ሐኪሞች «አይቢኤስ» ይሉታል። እዚህ «ቁጡ አንጀት» እንበለው። በ33 አገሮች ተካሂዶ በ2021 የታተመ ጥናት በጥብቅ መስፈርት ለክቶ ከ100 ሰው 4 ያህሉ እንዳለበት አሳይቷል።

የዚህ ሕመም ግራ የሚያጋባ ነገር አንጀቱ ሲታይ ደህና መሆኑ ነው። ቁስል የለም። ደም የለም። ታዲያ ምን ያምመዋል? በ2017 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት መልሱን በሚገባ ያሳያል። 29 ጤነኞችና 29 ቁጡ አንጀት ያላቸው ሰዎች ኢኑሊን የሚባል ፋይበር 40 ግራም የተበጠበጠበት መጠጥ ጠጡ። ከዚያ ሆዳቸው በኤምአርአይ ታየ። ጋዙ ሁለቱም ጋ ተጠራቀመ፤ አንጀቱም ሁለቱም ጋ ተነፋ። ያመማቸው ግን በብዛት ሕመምተኞቹን ነው። ማለትም ልዩነቱ ያለው ጋዙ ላይ ሳይሆን፣ መወጠሩን ለአንጎል የሚያደርሱት ነርቮች ላይ ነው።

ስለዚህ ተመሳሳይ ብስኩት በልተው ጎረቤትዎ ምንም ሳይሆን እርስዎ ቢታመሙ ማስመሰል አይደለም። ጭንቀት ሲበረታ ሕመሙ የሚብሰውም በዚሁ መንገድ ነው። ስሜቱን ሁሉ አንጀቱ ውስጥ ላስቀመጠ ቋንቋ ይህ ብዙም አይደንቅም፦ «አንጀቴ ተላወሰ»፣ «አንጀቴን አራሰው» ስንል ኖረናል።

ስኳር የሌለው ጣፋጭ

ማስረጃው በጣም ጠንካራ የሆነው እዚህ ላይ ነው። «ሹገር ፍሪ» የተባለ ማስቲካ፣ ከረሜላ፣ ቸኮሌት ወይም ብስኩት አብዛኛውን ጊዜ የሚጣፍጠው ፖሊዮል በሚባሉ ንጥረ ነገሮች ነው። «የስኳር አልኮል» የሚላቸውም አለ፤ ግን አያሰክሩም። ስማቸው ባብዛኛው በ«ኦል» ያልቃል፦ ሶርቢቶል ኢ420፣ ማኒቶል ኢ421፣ ማልቲቶል ኢ965፣ ዛይሊቶል ኢ967። ከስሙ አመል የወጣው አይሶማልት ነው፤ ቁጥሩ ኢ953።

ትንሹ አንጀት እነዚህን ጥቂት ጥቂቱን ብቻ ነው የሚመጥጠው። የቀረው ወደ ታች ይወርዳል። እየወረደ ውሃ ይስባል። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ያፈሉታል፤ ጋዝ ይወጣል። ውሃውና ጋዙ ሲገናኙ ሆድ ያጉረመርማል፣ ይነፋል፣ መጠኑ ከበዛም ይፈታል። ለሆድ ድርቀት የሚታዘዘው የላክቱሎዝ ሽሮፕ የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሕግም ያውቀዋል፦ ከክብደቱ ከ10 ከመቶ በላይ ፖሊዮል ያለበት ምግብ፣ ከበዛ ሆድ ሊያስቀምጥ እንደሚችል ማሸጊያው ላይ መጻፍ ግዴታ ነው። ጽሑፉ ግን የሚቀመጠው በጣም በትንሽ ፊደል ነው። ገበያ ላይ ቆሞ የሚያነበው ጥቂት ሰው ነው።

ስንት ነው የሚበዛው? ለሶርቢቶል ከ5 እስከ 20 ግራም ባለው ቁርጠትና መንፋት ሊጀምር ይችላል። ከዚያ በላይ ተቅማጥ ይመጣል። በ2008 የጀርመን ሐኪሞች የሁለት ታካሚዎችን ታሪክ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ አሳትመው ነበር። አንዷ የ21 ዓመት ወጣት ናት። ለወራት በተቅማጥ ስትሠቃይ 11 ኪሎ ቀነሰች። ብዙ ምርመራ ተደረገ፤ ምንም አልተገኘም። በመጨረሻ ስለምትበላው ሲጠየቅ በቀን ከ18 እስከ 20 ግራም ሶርቢቶል የሚሆን ማስቲካ እንደምታኝክ ታወቀ። አንዱ ማስቲካ 1.25 ግራም ገደማ ሶርቢቶል አለው። ማስቲካውን ስታቆም ተቅማጡ ቆመ፣ ክብደቷም ተመለሰ። ሁለተኛው ታካሚ የ46 ዓመት ሰው ሲሆን የእሱም ምክንያት ያው ማስቲካና ከረሜላ ነበር።

ይህ እኛን የሚነካው በሻንጣ በኩል ነው። ውጭ የሚኖር ልጅ ስኳር በሽታ ላለባቸው እናቱ የሚያመጣው ስጦታ ብዙ ጊዜ «ሹገር ፍሪ» ቸኮሌት ነው። እናትየው ደግሞ ሜትፎርሚን የሚወስዱ ከሆነ፣ መድኃኒቱ በራሱ ሆድ የሚያላላ ነው። ማልቲቶሉ ሲጨመርበት ሆዳቸው ይብስበታል። ጥፋቱ የሚለጠፈው ግን ኪኒኑ ላይ ነው። ኪኒኑን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ይከተላል፤ ስኳሩም ይወጣል። ቸኮሌቱ መሳቢያ ውስጥ በክብር ይቀመጣል። ሽሮፕ የሆኑ መድኃኒቶችም ብዙዎቹ ሶርቢቶል አላቸው፤ ማወቁ አይጎዳም።

ከፖሊዮሎቹ መካከል ኤሪትሪቶል፣ ኢ968፣ ለሆድ ለስለስ ያለ ነው። አብዛኛው ትንሹ አንጀት ላይ ተመጥጦ በሽንት ስለሚወጣ ትልቁ አንጀት የሚደርሰው ጥቂት ነው። አስፓርቴም ደግሞ ከፖሊዮል ወገን አይደለም። ስለሌላ ጉዳይ ይከራከሩበታል፤ ሆድ በመንፋት ግን አይታማም።

ቁጥር የሌለው ተጠርጣሪ

ከላይ የእንግሊዙ ጥናት ውስጥ ያየነው ኢኑሊን ከቺኮሪ ሥር የሚወጣ ፋይበር ነው። የኢ ቁጥር የለውም፤ እንደ ምግብ ነው የሚቆጠረው። ስለዚህ ከቁጥር የሚሸሸው ሰው ሳያውቅ ይበላዋል። «ፋይበር የበዛበት» ብስኩት፣ ፕሮቲን ባር፣ እርጎ፣ ሰሞኑን ደግሞ «ለአንጀት ጤና» የሚባሉ ለስላሳ መጠጦች ውስጥ አለ። ማሸጊያው ላይ «ቺኮሪ ሩት ፋይበር» ወይም «ኦሊጎፍራክቶዝ» ሆኖ ሊጻፍ ይችላል። ለጤነኛ ሰው ጥሩ ነገር ነው፤ በጎ ባክቴሪያዎችን ይመግባል። ለቁጡ አንጀት ግን ያ ምገባ ራሱ ጋዝ ነው። «ለአንጀት ተስማሚ» የሚል ማስታወቂያ አይቶ የገዛ ሰው ማታ ሆዱን ይዞ ቢቀመጥ የተጭበረበረ አይደለም። ማስታወቂያው የተጻፈው ለሌላ አንጀት ነው።

ኢመልሲፋየር፦ ክርክሩ ያልበረደበት

አይስክሬም በረዶ ሳይሠራ የሚቆየው፣ የታሸገ ዳቦ ሳምንት ሙሉ የሚለሰልሰው በኢመልሲፋየርና በማወፈሪያ ነው። በ2015 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ የአይጥ ጥናት ጥያቄውን አጋጋለው። ሁለት ኢመልሲፋየሮች፣ ካርቦክሲሜቲልሴሉሎስ (ኢ466) እና ፖሊሶርቤት 80 (ኢ433)፣ የአንጀትን ግድግዳ ከባክቴሪያ የሚከልለውን ንፍጥ መሰል ሽፋን ሲያሳሱ ታየ። ቀለል ያለ ብግነትም አስከተሉ።

አይጥ ሰው አይደለም። በ2022 የሰው ሙከራ ታተመ፦ 16 ጤነኛ ሰዎች፣ 11 ቀን፣ ግማሽ ያህሉ በቀን 15 ግራም ኢ466 ይሰጣቸዋል። የወሰዱት ሰዎች የአንጀት ባክቴሪያ ስብጥር ሳሳ። ከምግብ በኋላ የሆድ አለመመቸትም ጨመረ። ሁለቱ ላይ ባክቴሪያው ወደ ሽፋኑ ዘልቆ ታየ። አምራቾች «15 ግራም ማንም በቀን አይበላም» ይላሉ፤ መጠኑ ብዙ መሆኑ ልክ ነው። ተመራማሪዎቹ ደግሞ ሰው ሕይወቱን ሙሉ እንጂ 11 ቀን ብቻ አይበላም ብለው ይመልሳሉ። ይህም ልክ ነው።

በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የተመራ ሌላ ሙከራ 154 የክሮን ሕመምተኞችን ለ8 ሳምንት ተከታትሏል። ክሮን ከቁጡ አንጀት ይለያል፤ አንጀቱ በእርግጥ ይቆስላል። ሁሉም ኢመልሲፋየር የሌለበት አመጋገብ ያዙ። ከዚያ ለግማሾቹ ኢመልሲፋየር ያለበት መክሰስ ተሰጣቸው፣ ለግማሾቹ የሌለበት። የሌለበትን ከበሉት መካከል የተሻላቸው ሰዎች በዙ።

ከዚህ ተነስቶ «ኢመልሲፋየር መርዝ ነው» ማለት ግን መዝለል ነው። ሌሲቲን (ኢ322) እንቁላል ውስጥም ያለ ነው። ጓር ሙጫ (ኢ412) በከፊል ተሰባብሮ ሲዘጋጅ ቁጡ አንጀትን ለማስታገስ ይሰጣል። በአንድ ስም ተጠሩ እንጂ ባሕርያቸው አንድ አይደለም። በእኔ ግምት ክሮን ያለበት ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ቢሞክረው ምክንያታዊ ነው። ቁጡ አንጀት ላለበት ግን ከፖሊዮል በፊት የሚመጣ ጉዳይ አይደለም።

ኩቧ እና ሽንኩርቱ

በወረቀት የተጠቀለለችው የወጥ ማጣፈጫ ኩብ ብዙ ትወገዛለች። የሚፈራው ውስጧ ያለው ሞኖሶዲየም ግሉታሜት፣ ኢ621 ነው። ፍርሃቱ የመጣው ከሩቅ ነው። በ1968 አንድ ሐኪም ቻይና ምግብ ቤት ከበላ በኋላ ስለሚሰማው የመደንዘዝ ስሜት ለአሜሪካ የሕክምና መጽሔት ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ግሉታሜትን እንደ አንድ ግምት ነበር ያነሳው። ስሙ ግን ተለጥፎበት ቀረ። በኋላ ሰዎች ሳያውቁ ሲሰጣቸው፣ በተለመደው የምግብ መጠን ጉዳቱ በአስተማማኝ ሁኔታ አልታየም።

ኩቧ ውስጥ ለቁጡ አንጀት የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ የሽንኩርትና የነጭ ሽንኩርት ዱቄት። ሁለቱም ፍሩክታን የሚባል ካርቦሃይድሬት አላቸው። የሰው አንጀት ፍሩክታንን የሚፈጭበት ኤንዛይም የለውም። እንዳለ ትልቁ አንጀት ይደርሳል። ግን ስለ ኩቧ ዱቄት ከመጨነቅ በፊት ድስቱን ማየት ይሻላል። ለአንድ ዶሮ ወጥ ሁለትና ሦስት ኪሎ ሽንኩርት ከትፎ፣ አቁላልቶ፣ ኩቧን በጤና ምክንያት የሚተው ሰው ተራራውን ትቶ ጠጠሩን ነው ያነሳው።

ስንዴም ፍሩክታን አለው። በ2018 የታተመ የኖርዌይ ጥናት ግሉተን (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን) ያመናል የሚሉ 59 ሰዎችን ወሰደ። ሴሊያክ፣ ማለትም ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ፣ የለባቸውም። ግሉተን፣ ፍሩክታን፣ ወይም ሁለቱም የሌሉበት ባር በየተራ ሰጣቸው፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ አያውቁም። በጣም ያመማቸው በፍሩክታን ጊዜ የሆኑት 24 ናቸው። በግሉተን ጊዜ 13። ምንም በሌለበት ጊዜ ደግሞ 22። የመጨረሻውን ቁጥር ቆም ብሎ ማየት ያስፈልጋል። መፍራት ብቻውን ያማል፤ ሕመሙም እውነተኛ ነው። የሚያስፈራሩ ዝርዝሮችን በየቀኑ የሚያነብ ሰው ሆዱ ባይሻለው የሚገርም አይሆንም።

አንድ የሚጠቅም የወጥ ቤት ነገር አለ። ፍሩክታን ውሃ ውስጥ ይሟሟል፤ ዘይት ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ ነጭ ሽንኩርትን በዘይት ጠብሶ ማውጣት ጣዕሙን ዘይቱ ላይ ያስቀራል፣ ፍሩክታኑን ግን ይዞት ይወጣል። ውሃ ከገባ በኋላ ማውጣት ዋጋ የለውም። ቅቤ ሲነጠር ሽንኩርቱና ቅመሙ ተጠልሎ የሚወጣው በሌላ ምክንያት ነው፤ ግን ነገሩ ወደዚያው ያደላል።

ቀለሞቹስ?

ቀለሞቹ የዜናውን ግማሽ ይዘዋል፤ ከቁጡ አንጀት ጋር ያላቸው ግንኙነት ግን ቀጭን ነው። ነጭ የሚያደርገው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ (ኢ171) አውሮፓ ውስጥ በ2022 ታግዷል። ምክንያቱ ዘረመልን ሊጎዳ እንደሚችል የሚነሳውን ስጋት ማስወገድ አለመቻሉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) የጋራ ባለሙያዎች ቡድን በ2023 ተመልክቶት ከዚያ የተለየ ድምዳሜ ላይ ደርሷል። ክርክሩ ትልቅ ነው፤ ሆድ የመንፋት ክርክር ግን አይደለም።

ከመከልከልዎ በፊት

ፖሊዮል፣ ፍሩክታን፣ የወተት ስኳርና ባቄላ ውስጥ ያለው ስኳር በአንድነት ፎድማፕ ይባላሉ። አሳቡ የወጣው በ2005 ከአውስትራሊያ፣ ከሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ነው። አሠራሩ ሦስት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ሁሉንም መቀነስ። ቀጥሎ አንድ በአንድ እየመለሱ የትኛው እንደሚያምም ማየት። በመጨረሻ የሚያመውን ብቻ መተው። ብዙ ሰው መጀመሪያው ደረጃ ላይ ይቀራል። ያ ጎጂ ነው፤ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ በጎ ባክቴሪያዎችን ያሳሳል።

ለጿሚ ደግሞ አደጋው ይበልጣል። በኦርቶዶክስ ሥርዓት ጾሙ በዓመት ከ180 ቀን ያልፋል። በእነዚያ ቀናት ፕሮቲኑ ሽሮ፣ ምስርና ክክ ነው። ከኢንተርኔት የተገኘ ዝርዝር ይዞ ጥራጥሬውንም የሚተው ሰው ማዕዱ ላይ ድንችና ጎመን ይቀርለታል። ከመተው በፊት ምስሩን ዘፍዝፎና ቀቅሎ ውሃውን መድፋት፣ ቀንሶም መብላት ይሞከር። የሚያስቸግረው ስኳር ከፊሉ ከውሃው ጋር ይሄዳል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ሕመሙ ቁጡ አንጀት ከሆነ ነው። ሰገራ ላይ ደም ካለ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ ተቅማጡ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ፣ የደም ማነስ ከታየ፣ ወይም ሕመሙ ከ50 ዓመት በኋላ የጀመረ ከሆነ ማሸጊያ ማንበቡን ትቶ ሐኪም ጋ መሄድ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ጃርዲያና አሜባም ቀድመው መመርመር አለባቸው።

ማሸጊያ በሌለበት

ኢትዮጵያ ውስጥ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብን የሚቆጣጠረው ሕግ ነው፤ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑም ገላጭ ጽሑፍ የሌለውን የታሸገ ምግብ እንዳንገዛ ደጋግሞ ያሳስባል። ግን የዕለት ምግባችን በብዛት የሚሸጠው ሳይታሸግ ነው። የሰፈር ዳቦ ምን ማለስለሻ እንደገባበት የተጻፈ ነገር የለም። እንጀራም እንዲሁ።

እንጀራ ላይ ጉዳዩ አሜሪካና አውሮፓ ላሉትም ይደርሳል። ጤፍ ግሉተን የለውም። ነገር ግን ውጭ አገር ብዙ ምግብ ቤቶች ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር ቀይጠው ነው የሚጋግሩት። ሴሊያክ ላለበት ሰው ይህ ከባድ ነገር ነው። ቁጡ አንጀት ላለበት ደግሞ የፍሩክታን ጭማሪ ነው፤ ማቡካቱ የተወሰነውን ቢቀንሰውም። ስለዚህ ሻጩን «ንጹሕ ጤፍ ነው ወይስ ቅይጥ?» ብሎ ማቆም አይበቃም። «ከምን ጋር?» የሚለው ይከተል። ከሩዝ ወይም ከማሽላ ጋር የተቀየጠው ከሆነ ለዚህ ሆድ ብዙም አያሳስብም። ከስንዴና ከገብስ ጋር ከሆነ፣ አንድ እንጀራና ሦስት እንጀራ በጣም ይለያያሉ።